ማታ ገላ ስታጥቡ ተረት የምትነግሩ አላችሁ? እኔ ጅብ አስገብቼ ተበላሸብኝ

የአቡሽ አባት (ሐዋሳ)
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጆቹ ገና አሁን መተኛታቸው ነው። እኔ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ረጥቦ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ። የሶፋውን ነገር ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ከአንድ ወር ወዲህ የማታ ፈረቃ ገብታለች። ከ11 ሰዓት በኋላ ቤቱ የእኔ ነው። ማብላት፣ ማጠብ፣ ማስተኛት። እራቱ ምንም አይልም። እንቁላል ፍርፍር ካለ እኔ ቤት ጸብ የለም። ማስተኛቱም እሺ፣ ደክሟቸው ይወድቃሉ። መሀል ላይ ያለው ነው የገደለኝ።

አቡሽ አራት ዓመት ከመንፈቁ ነው። ሚጣ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ። የምንኖረው አቶቴ በኩል ነው፣ ተከራይተን። ሻወር ቤት አለን። ውሃው ግን በፈረቃ ስለሆነ ማታ ማታ ከቧንቧ አይጠበቅም። ከሮቶ እቀዳለሁ፣ ድስት ሙሉ አፈላለሁ፣ ትልቁ ሳፋ ውስጥ አቀላቅዬ ሁለቱንም እንደ ልብስ እዘፈዝፋቸዋለሁ።

እግር ሲታጠብ ሰላም ነው። ሆድ ሲታጠብ ሳቅ ነው። ሳሙናው ወደ ፀጉር ሲጠጋ ግን አቡሽ እሪታውን ያቀልጠዋል። አጎንብስ ስለው ይገተራል፣ ቀና በል ስለው ያቀረቅራል። ውሃው በፊቱ ይወርዳል፣ ሳሙናው ዓይኑ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ። እሱ ሲያለቅስ ሚጣም ምኑንም ሳታውቀው ታጅበዋለች። ባለፈው ሳምንት አከራያችን በሩን አንኳኩተው «አንተ ልጅ፣ ልጆቹን ምን እያደረግሃቸው ነው?» አሉኝ። አረፋ በአረፋ ሆኜ ወጥቼ «እያጠብኳቸው ነው እትዬ» አልኩ። ያመኑኝ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ስልክ ሞከርኩ። የልጆች ቪዲዮ ከፍቼ የባልዲው ክዳን ላይ አቆምኩት። ሦስት ቀን ሠራ። አቡሽ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ሲታጠብ «በቃ፣ መድኃኒቱን አገኘሁት» ብዬ ነበር። በአራተኛው ቀን ሚጣ ስልኩንም ልጠበው ብላ ሳፋው ውስጥ ከተተችው። ሩዝ ውስጥ አሳደርኩት። አልተነሳም።

ከዚያ ነው ተረት ትዝ ያለኝ። እኔ ያደግኩት ይርጋለም ነው። እናታችን ማታ እግራችንን ስታጥብ «ተረት ተረት» ትላለች፣ እኛ «የላም በረት» እንላለን። ተረቱ ሲያልቅ እግራችን መታጠቡን የምናውቀው ጭኖቻችን ላይ ፎጣ ሲወረወር ነው። ታዲያ ለእኔስ ልጆች ለምን አይሆንም ብዬ አያ ጅቦንና እመት አህዪትን ጀመርኩ። ድምፄን አጎርንኜ፣ ጥርሴን አግጥጬ። በመጀመሪያው ቀን በሳቅ ሞቱ። በሁለተኛው ቀን አቡሽ ልብሱን ሳያወልቅ «ጅቡ ሻወር ቤት ውስጥ ነው?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ከመኝታ ቤት አልወጣም አለ። አሁን የጎረቤት ውሻ በጮኸ ቁጥር አንገቴ ላይ ነው። ድሮ ችግሩ ፀጉር ብቻ ነበር፣ አሁን በሩም ተጨመረ።

ጥያቄዬ፦ ምን ዓይነት ተረት ነው የምትነግሩት? የሚያረጋጋ እንጂ የሚያስደነብር ያልሆነ። መጽሐፍ አንብብላቸው አትበሉኝ። አንዱ እጄ ጆግ ይዟል፣ አንዱ ልጅ።

ፀሐይ የበዛበት (አዳማ)
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

ወንድሜ፣ እኛ ጋ ተቃራኒው ነው። በአዳማ ሙቀት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው አጥቡን የሚሉት። የእኔ ጦርነት ከሳፋው ማውጣት ላይ ነው። ውሃው ቀዝቅዞ፣ ጣታቸው ተጨማዶ፣ «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ» ይላሉ። ለዚያም ተረት ያለው ካለ እኔንም አስታውሱኝ።

ጎራው
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

ምን ዘመን ላይ ደረስን! እኛን ማን ተረት ነግሮ አጠበን? አንድ ጆግ ከላይ፣ አንድ ኩርኩም፣ አለቀ። ልጅ አታሞላቅቁ።

የሦስት እናት (ሐዋሳ)
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡15

ጎራው፣ ኩርኩሙ ነው መሰለኝ እንዲህ ያደረገህ።

የአቡሽ አባት፣ በመጀመሪያ ጅቡን አስወጣው። ጅብ ለእሳት ዳር ነው፤ እናትህ ጉያ ተሸጉጠህ የምትሰማው። ራቁቱን፣ ረጥቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ለቆመ ልጅ ጅብ አይነገርም። እኔም ብሆን እሮጣለሁ።

ቀጥሎ፣ ተረቱን ከውሃው አትለየው። በመጀመሪያዋ ልጄ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ስለ ንጉሥ ልጅ እያወራሁ ፀጉሯን አጥባለሁ። ጆሮዋ ቤተ መንግሥት ሄዷል፣ ውሃው ድንገት ከላይ ዱብ! ትደነግጣለች። ለካ ሳዘናጋት ውሃውን አድፍጦ የሚመጣ ጠላት አድርጌባት ኖሯል። አሁን እጄ የሚሠራውን ነው አፌ የሚያወራው።

የእኔ ተረት አንዲት ቆሮሶ ናት። ትንሽዬ ዓሣ፣ ልጁን የምታክል። የምትነሳው ወደ ሐይቃችን ከሚገባው ወንዝ፣ ከጥቁር ውሃ ነው። እዚያ ጭቃ አለ፣ ስለዚህ እግር ይታጠባል። በጣቶቹ መሀል ሣር ተሰክቷል፣ እሱን አንድ በአንድ እናወጣለን። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፣ የሚወዱት ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ሐይቁ ትገባለች። ሆድ ላይ ማዕበል አለ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ የሚነሳውን ንፋስ ታውቀው የለ? ጀርባ ላይ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ያልፋል፣ ቀስ ብሎ፣ ከላይ ወደ ታች። ብብት ውስጥ አምባዛ የሚባለው ባለ ሪዝ ዓሣ ተደብቋል፣ ሪዙ ይኮረኩራል። እዚያ ላይ መሳቅ ይፈቀዳል። ከዚያ በኋላ ግን ሐይቁ እየመሸ ነው፣ ድምፃችንን እንቀንሳለን።

አሁን ፀጉሩ። ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል፣ ዛፍ ላይ ተኮፍሶ የሚቆመውን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ ልጅህ መቼም ያውቀዋል። ሐዋሳ ተወልዶ አባ ኮዳን ያላየ ልጅ አለ? ቆሮሶዋ ከውሃው ሥር ሆና ታየዋለች። «ውይ፣ እዚያ ላይ ማነው የቆመው? አንገቱ ላይ ያለችው ኮዳ ውስጥ ምን ይዟል?» ልጁ ጣሪያውን ያያል። ያኔ አንድ እጅህን ግንባሩ ላይ እንደ ኮፍያ ጥላ ታደርግና በሌላው ጆጉን ወደ ኋላ ታፈሳለህ። ውሃው በጀርባ ይሄዳል፣ ዓይኑን አይነካውም። ቀና በል ብለህ ስታዝዘው ያቀረቅራል። የሚታይ ነገር ካለ ግን ራሱ ቀና ይላል።

ከማፍሰስህ በፊት ንገረው። «አባ ኮዳ ሊጠጣ ነው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።» ሦስት ሳትል እንዳታፈስ። አንዴ ካታለልከው ሳምንት ሙሉ ትከፍላታለህ።

የአዳማውን ጥያቄ በተመለከተ። ሐይቃችን ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ቆሮሶዋ ከዚያ ወዲያ የትም አትሄድም፣ ማደሪያ ትፈልጋለች። የት እንደተኛች የምናገረው ፎጣ ውስጥ ብቻ ነው፣ በሹክሹክታ። ሳፋ ውስጥ ላለ ሰው አይነገርም። ማወቅ የፈለገ ይወጣል። አዳማ ሐይቅ ስለሌላችሁ አዋሽን ተጠቀሙ፣ አዞውን ግን ተዉት።

አዲስ ተረት ካላመጣሁ ብለህም አትጨነቅ። በየቀኑ ያቺው ቆሮሶ ናት። እነሱ አይሰለቻቸውም፣ የሚሰለቸው እኛን ነው። አንዴ ሰልችቶኝ ጉማሬ አስገባሁ። ጉማሬ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚያደርግ ሁለተኛው ልጄ አሳየኝ። እስከ መኝታ ቤት ድረስ ወለል ስወለውል አመሸሁ። ጉማሬ እንዳታስገባ።

ነጭ ጋውን (ሐዋሳ)
ረቡዕ፣ ቀን 7፡10

የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ተረቱን ለባለተረቶቹ ትቼ ስለ ሳፋው ላውራ።

የአቡሽ አባት፣ «ድስት ሙሉ አፈላለሁ» ስትል ደነገጥኩ። ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድም፣ ሙቁን በላዩ ጨምር። ልጆቹ ሳይገቡ አማስለህ በክርንህ ንካው። መዳፍ ትኩስ ነገር ስለለመደ ያታልላል። ለብ ያለ ነው የሚፈለገው፣ 37 ወይም 38 ዲግሪ አካባቢ። ድስቱ ደግሞ ከዚያ ክፍል ይውጣ። ትንንሽ ልጆችን በብዛት የሚያቃጥላቸው እሳት ሳይሆን ትኩስ ፈሳሽ ነው።

አከራይህ ሲያንኳኩ ወጥተህ አናገርካቸው? ሁለት ልጅ ሳፋ ውስጥ ትተህ? ሁሉም ሰው በአረፋው ስቆ አለፈው፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ትንሽ ልጅ ለመስጠም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም። ጥቂት ሴንቲሜትር ይበቃዋል፣ ደግሞም ድምፅ አያሰማም። በሩ ይንኳኳ። ካልሆነልህ ሁለቱንም በፎጣ ጠቅልለህ ይዘሃቸው ውጣ። አከራይህም ያኔ ያምኑሃል።

ብርድ እንዳይመታቸው ብላችሁ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በር የምትዘጉም ካላችሁ፣ ተዉ። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።

የሦስት እናት ፀጉርን ወደ መጨረሻ ማድረጓ ልክ ነው። ብዙ ሰው ከራስ ነው የሚጀምረው። ልጁ ራሱ ረጥቦ፣ እየበረደው፣ ሌላው እስኪታጠብ ይቀመጣል። ያኔ ባይነጫነጭ ነው የሚገርመው። ማለቅለቂያውን ንጹሕ ውሃ አስቀድማችሁ በሌላ ጆግ ለዩት፤ አረፋ ባለው ውሃ ራስ አይለቀለቅም።

ተረቱ ሲጥማችሁ ደግሞ ሰዓት እንዳትረሱ። የሳፋ ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። የልጁ ከንፈር መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆሮሶዋ የትም ትሁን፣ ተረቱ አልቋል። ገላው ጨርሶ ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቡት። ለብ ባለ ውሃ የታጠበ ልጅ ከወጣ በኋላ ሰውነቱ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፣ እንቅልፍ የሚጠራውም ያ ነው። ስለዚህ ከመኝታ አንድ ሰዓት ገደማ ቀደም ብላችሁ አድርጉት።

በየቀኑ ሙሉ ገላ ማጠብም ግዴታ አይደለም። አንዱን ቀን ሙሉ፣ አንዱን ቀን ፊት፣ እጅ፣ እግርና መቀመጫ። ቆዳቸውም አይደርቅ፣ አንተም ታርፋለህ።

ወፍ ተመልካች
ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

ለእውነት ያህል፦ አባ ኮዳ አንገቱ ላይ ያለው ነገር ምግብ አይያዝበትም። ውስጡ አየር ነው።

የሦስት እናት (ሐዋሳ)
ረቡዕ፣ ማታ 2፡12

እና «አየር ነው» ብዬ ማንን ቀና ላስደርግ?

የአቡሽ አባት (ሐዋሳ)
ሐሙስ፣ ማታ 3፡30

ነጭ ጋውን፣ የበሩን ነገር ካነበብኩ ወዲህ ሆዴ አልረጋም። እውነትሽን ነው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም ልል ነበር፣ ግን ሰበብ ነው። አይደገምም። ድስቱም ወጥቷል።

ዛሬ ቆሮሶዋን ጀመርኩ። ጥቁር ውሃ ላይ ደህና ነበርኩ። ማዕበሉ ጋ ስደርስ ጀልባው ይቅደም አምባዛው ጠፋኝ። «እ... እ...» ስል አቡሽ «ረሳኸው?» አለኝ። ፀጉሩን ሳላጥብ አወጣሁት። ግን አላለቀሰም። ሻወር ቤት ገባ፣ ወጣ፣ አላለቀሰም። ለዛሬ ይበቃኛል።

ሚጣ ግን ተረቱ አልገባትም። እሷ የምትፈልገው ጆጉን ነው። እኔ ሳፈስ ትነጥቀኛለች። ለሁለት ዓመት ልጅ ምን ይባላል?

መምህርት ነኝ (ሐዋሳ)
ዓርብ፣ ቀን 10፡20

ኬጂ ነው የማስተምረው። ለሚጣ ተረት አትንገራት። በሁለት ዓመቷ መነሻና መድረሻ ያለው ነገር አይያዝላትም። ድምፅ ብቻ ስጣት። እግር ላይ «ጭቅ ጭቅ»፣ ሆድ ላይ «ሽሽሽ»፣ ራስ ላይ «ጠብ ጠብ»። በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ ያው ድምፅ። ሳምንት ሳይሞላ ራሷ ቀድማህ ትላለች።

ጆጉን በተመለከተ፣ የራሷን ስጣት። ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ። አሻንጉሊት ካላት አሻንጉሊቷን ታጥባት። እሷ ስታጥብ አንተ ታጥባታለህ። እኔ ክፍል ውስጥ እጅ የማስታጥበው እንደዚህ ነው። ማንም ልጅ ታጠብ ሲባል ደስ አይለውም፣ እጠብ ሲባል ግን ይሮጣል።

ሌላ አንድ ነገር። እናትህ «ተረት ተረት» ትል ነበር ብለሃል። መዝጊያዋስ? «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አትልም ነበር? እሷንም መልሳት። «የላም በረት» ሲባል ልብስ ይወልቃል፣ አፍ በዳቦ ሲታበስ ፎጣ ላይ ነን። ልጆቹ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያልቅ ካወቁ ግማሹ ጭቅጭቅ የለም። እኔ እውነተኛ ዳቦ ነበር የማዘጋጀው፣ አንዲት ቁራሽ። ጥርስ ከመፋቁ በፊት እንግዲህ።

የአቡሽ አባት (ሐዋሳ)
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ማታ 3፡05

ጠፋሁ አይደል? ሱሪዬ ደረቅ ነው፣ በዚህ ልጀምር።

ሁለተኛው ቀንም አልተሳካም። ቆሮሶዋን ከጥቁር ውሃ አስነስቼ በስሕተት በቀጥታ አሞራ ገደል ወሰድኳት። አቡሽ «አምባዛውስ?» ብሎ መለሰኝ። ከዚያ ወዲህ መንገዱን እሱ ነው የሚመራኝ፣ እኔ ሾፌር ብቻ ነኝ። አባ ኮዳ ጋ የደረስነው በአምስተኛው ቀን ነው። «ኮዳው ውስጥ ምን አለ?» ስለው ቀና አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውሃው በጀርባው ሄደ። እኔው ነኝ ትንፋሼን የያዝኩት። እሱ ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን እያየ «ቁልፍ» አለኝ። የምን ቁልፍ እንደሆነ አልነገረኝም።

አንድ ቀን ተበላሽቷል። ማክሰኞ ቸኩዬ «ሁለት» ላይ አፈሰስኩ። የሦስት እናት ያስጠነቀቀችኝ ነው። ሳምንት ባይሆንም ሁለት ቀን ከፍያለሁ።

ሐሙስ መብራት ጠፋ። ቀጥ አልኩ፣ አሁን ጅቡ ተመልሶ ይመጣል ብዬ። ሻማ አብርቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ። የጆጉ ጥላ ግድግዳው ላይ ረዥም አንገት ያለው ወፍ ሆኖ ወጣ። አቡሽ «መጣ!» አለ፣ በሹክሹክታ። እስካሁን ከታጠቡባቸው ቀናት ሁሉ ጸጥታ የነበረው ያን ቀን ነው። መብራት ሲመጣ ሁለቱም ተቆጡ።

ሚጣ «ጠብ ጠብ» ትላለች። አሻንጉሊቷ በቀን ሦስት ጊዜ ስለምትታጠብ ፀጉሯ እየሳሳ ነው። ዳቦውን ግን አፌን ከማበሷ በፊት ራሷ ትበላዋለች።

ባለፈው እሑድ አሞራ ገደል ወሰድኳቸው። ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች አንጀቱን ሲወረውሩ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ እየተንጎራደዱ ይለቅማሉ። አቡሽ አንዱን ሲያይ መሀል ሕዝብ ላይ ቆመና አንገቱን ወደ ኋላ ቀለበሰ። ዓይኑ ሰማይ ላይ፣ እጁ ጎኑ ላይ፣ ውሃ እየጠበቀ። ሰዎች ልጁን ምን ነካው ብለው አዩኝ። ወፍ ተመልካች፣ አየር ነው ብዬ ነግሬዋለሁ። «አየር ውስጥ ነው ያስቀመጠው» ብሎኛል።

ዛሬ ባለቤቴ እረፍት ነበረች። እኔ ላጥባቸው ብላ ገባች። በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። መንገዱን አታውቀውም፣ ከራስ ልትጀምር ነው። አቡሽ አስቆማት። «እማዬ፣ መጀመሪያ ጥቁር ውሃ ነው።» ከዚያ አንድ በአንድ እየነገራት አሳጠባት። ፀጉሩ ጋ ሲደርሱ እሷ እንደኔ ግንባሩን መጋረድ አላወቀችም። እጇን ይዞ ግንባሩ ላይ አስቀመጠው። «እንደዚህ። አሁን ኮዳው ውስጥ ምን አለ በይኝ።»

«ምን አለ?»

«የሚጣ ካልሲ። ያቺ የጠፋችው።»

ካልሲዋን አሁን ሶፋው ሥር አገኘኋት። ስልኩ ግን እስካሁን አልተነሳም።